የመሃል ጠረጴዛ ወይስ ተደራራቢ? ለወሎ ሳሎን የሚሆነው

ሶፋ ሲገዛ ቤተሰቡ ሁሉ ይመክርበታል። ጠረጴዛው ላይ ግን ማንም አይጨነቅም። ሻጩ «ከሶፋው ጋር ይሄዳል» ብሎ ትልቁን የመሃል ጠረጴዛ ያሳያል፣ እሱው ተጭኖ ይመጣል። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቡናው የት እንደሚፈላ ነው።

እኛ ጋ ቡና የሚፈላው ሳሎኑ መሃል ነው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ይቀመጣል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤቱ ከአቦል እስከ በረካ ዙሪያውን ይይዛል። መሃሉን ከባድ ጠረጴዛ ከያዘው ቡና በተፈላ ቁጥር ሁለት ሰው ተሸክሞ ጥግ ሊያስይዘው ነው። ስለዚህ እኔ ተደራራቢውን እመርጣለሁ፤ አንዱ ባንዱ ሥር የሚገባውን፣ ሦስት ትንንሽ ጠረጴዛ። ቡና ሲፈላ ተጠቃለው ጥግ ይቆማሉ፣ ምግብ ሲቀርብ በየእንግዳው ፊት ይዘረጋሉ። ትልቁ የሚያዋጣው ሳሎናችሁ ሰፊ ከሆነ ወይ ቡናው በረንዳ ላይ የሚፈላ ከሆነ ነው። ያኔም ርዝመቱ ከሶፋው ሁለት ሦስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በመካከላቸው 40 ወይም 45 ሳንቲሜትር ይተው፣ እግር እንዲያልፍ።

ከፍታውን በዓይን አትገምቱ፣ ሜትር ያዙ። ለሶፋ ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው የሚመቸው። መጅሊስ ላላችሁ ግን የሶፋ ጠረጴዛ ከፍ ይልባችኋል። ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚሆን ዝቅ ያለ አሠሩ፤ አናጺ ዘንድ እግሩን ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ዋናው ፉክክር በእንጨትና በኤምዲኤፍ (የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) መካከል ነው። ኤምዲኤፍ ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ለስላሳ ነው። ጠላቱ ውሃ ነው። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ከተላቀቀ፣ ወለል ሲወለወል የሚነካው እርጥበት ብቻ ያሳብጠዋል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። በደሴ ክረምት፣ በዚያ ጭጋግ፣ እኔ አልመክረውም። ዋንዛ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሲጫጫር ተልጎ ቫርኒሽ ይቀባና እንደገና አዲስ ይሆናል። ስትገዙ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ላዩ ቀለም የተቀባ ሌላ እንጨት ሆኖ «ዋንዛ ነው» ሊባል ይችላል፣ ያልተቀባው ሥሩ ግን አይዋሽም። መድረቁንም ጠይቁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሞቃት ናት፤ በደንብ ሳይደርቅ ክረምት ላይ የተሠራ ጠረጴዛ ቆላ ወርዶ በጋ ሲያገኘው ይሰነጠቃል።

መስታወት ጠባብ ሳሎንን ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ልጅ ካለ ግን የተጠናከረው መሆን አለበት፤ እሱ ቢሰበር እንኳ ደቃቅ ሆኖ ይበተናል እንጂ እንደ ተራው ስለታም ስባሪ አይሆንም። አንድ መለያ ልስጣችሁ፦ የተጠናከረ መስታወት ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም። «በልካችሁ አሁኑኑ እቆርጥላችኋለሁ» ካሏችሁ ተራው ነው። ከሰል የያዘ ማጨሻ ግን የትኛውም መስታወት ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ።

የብረት እግር ያለው ጠንካራም ርካሽም ነው፤ ብየዳው መስተካከሉንና እግሩ ሥር ጎማ መኖሩን እዩ፣ አለዚያ ሴራሚኩን ይቧጭራል።

ቤታችሁ አዛውንት ካሉ ደግሞ ከመቀመጫቸው አጠገብ አንድ የጎን ጠረጴዛ ለብቻው ግዙ፣ ከሶፋው ክንድ ጋር እኩል የሆነ። መድኃኒታቸው፣ መነጽራቸው፣ ሲኒያቸው እዚያ ይቀመጣል። ቀጭን ባለ ሦስት እግር አትግዙላቸው። ሲነሱ እጃቸውን የሚደግፉት እሱ ላይ ነውና አራት እግር ያለው፣ ሥሩ ሰፋ ያለ ከባድ እንጨት ይሁን።