ለአዳማ ምግብ አምራቾች፦ የረቢዎች የኮሸር ምርመራ አገልግሎት ሲገመገም

ሰሊጥ፣ ጣሂና፣ ሽሮ ወይም በርበሬ ወደ እስራኤልና አሜሪካ መላክ ያሰበ የአዳማ አምራች ብዙ ጊዜ ከገዢው በፊት ረቢ ፊት ይቀርባል። ረቢ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር ነው፤ የምኩራቡን ምእመናን ያስተምራል፣ ይዳኛል፤ በዚህ ሥራ የተሰማሩት ደግሞ ምእመናኑ የሚበሉት ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ መሆኑን ከምንጩ ያጣራሉ። አገልግሎቱ ጥሩ ነው። የሚያስከፋው ብዙውን ጊዜ ሳይዘጋጁ ለሚጠሩት ነው።

«ምርታችን የጾም ስለሆነ ኮሸር ነው» የሚለው ግምት ከሁሉም በፊት ይታረም። የእንስሳት ተዋጽኦ አለመኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያውም፣ እንፋሎቱም፣ ነቀዙም ይታያል። የሐላል ወረቀትም አይተካውም።

መጀመሪያ የጥሬ ዕቃው ዝርዝር ከነአምራቹ ስም ይላካል። የማሽን ቅባት፣ የአረፋ ማጥፊያና የቦይለር ኬሚካል ሳይቀር ይጻፍ፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለው እነዚህን ነው። ግሊሰሪንና ኢ471 (ዘይትና ውሃ የሚያዋህድ የምግብ ጭማሪ) ከዕፀዋትም ከእንስሳ ስብም ስለሚሠሩ «ንጹሕ ነው» የሚል ከረጢት ዋጋ የለውም፤ የራሳቸው የኮሸር ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ዘይት የሚገዛ ሰው በርሜሉ ወይም ቦቴው ቀድሞ ምን እንደጫነም መጠየቅ አለበት።

ሥራውን የሚያውቅ ረቢ ቢሮ ተቀምጦ አይውልም፤ ቀጥታ ወደ ቦይለሩ ነው የሚሄደው። ከማሽኖቹ የሚመለሰውን የእንፋሎት ውሃ ቧንቧ በጣቱ እያሳየ «ይኼ ከየት ነው የሚመጣው?» ይላል። ኮሸር ያልሆነ ነገር ካበሰለ ማሽን የተመለሰ ውሃ ቦይለር ከገባ የሌላውን መስመር እንፋሎት አጠያያቂ ያደርገዋል። መፍትሔው ያንን መመለሻ ቆርጦ ውሃውን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነው፤ ነዳጅ ያስበላል እንጂ ይሠራል። ቀጥሎ በእጅ ባትሪ የሰሊጥ ማጓጓዣውን ውስጥ ያያል፣ አንድ እፍኝ በርበሬ ነጭ ወረቀት ላይ በትኖ ነቀዝ ይፈልጋል። በዓይን የሚታይ ነፍሳት በኦሪት ክልክል ስለሆነ ከመምጣቱ በፊት ወንፊቱ የተቀደደ እንደሆነ ይታይ።

ትኩስ ንጥር ቅቤና ሽሮ በአንድ መሙያ የሚያሽጉ ደግሞ ይጠንቀቁ። ሽሮው «የወተት» ተብሎ ሊመደብ ይችላል፤ ያኔ ኮሸር የሚጠብቅ ቤት ከሥጋ ጋር አይበላውም፣ ገበያው ይጠብባል። ለቅቤው የራሱን መሙያ መግዛት ያዋጣል።

ቀድሞ ሌላ ነገር የተሠራበት ማሽን በደንብ ታጥቦ 24 ሰዓት ሥራ ይፈታል፣ ከዚያ በሚንተከተክ ውሃ ይጸዳል። በደረቅ እሳት የሚሠራ መቁያ ግን በውሃ አይነጻም፤ እሳት ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ለአንድ ቀን ብቻ ምርት ያቆሙ ሁለተኛ ጉብኝት ይከፍላሉ።

ስለ አይሁድ ፋሲካ (ፔሳሕ) ለብቻው ይጠየቅ። ሰሊጥን አሽከናዞች (መነሻቸው መካከለኛና ምሥራቅ አውሮፓ የሆነ አይሁድ) በፋሲካ አይበሉም፣ ብዙዎቹ ሰፋራዶች (መነሻቸው ስፔንና ፖርቱጋል የሆነ አይሁድ) ይበላሉ። ጤፍ ከአምስቱ የተከለከሉ እህሎች ውስጥ የለም፤ ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት እንጀራ ግን አይሆንም።

እስራኤል በ1983 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ኮሸር ተብሎ የሚገባ ምግብ የዋናውን ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚመጣው ረቢ ፊርማ እዚያ ተቀባይነት እንዳለው ቀብድ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥ።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ጊዜ ነው። ከዓርብ ፀሐይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ምሽት ስልክ አይነሳም፤ በመስከረም በዓላቱ ይደራረባሉ። የሰሊጥ አጨዳ ጥቅምት ላይ ስለሚደርስ ጉብኝቱን ነሐሴ ላይ መጨረስ ይሻላል። ሪፖርቱም አንዳንዴ «ቅባቱ ይቀየር» ብሎ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ረቢው ግቢውን ሳይለቅ ነጥብ በነጥብ አስጽፉት።

የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል በፋብሪካው ላይ ስለሚያርፍ ከሞጆ አምራቾች ጋር ተነጋግሮ በአንድ ጉዞ ማስጎብኘት ወጪውን ያቃልላል። ዓመታዊ ክፍያው፣ የጉብኝቱ ብዛትና የእያንዳንዱ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። የሆቴል ወጥ ስለማይበላ ያልተላጠ ፍራፍሬና የታሸገ ውሃ አዘጋጁለት።

ወረቀቱ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በመሀል ሳይነገር መምጣት መብታቸው ነው። አዲስ ጥሬ ዕቃ ሳያሳውቁ ማስገባት ፈቃዱን ያሰርዛል። የኮሸር ምልክቱ ያለበት መለያ ደግሞ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለረቢው ይላክ፤ ሳይፈቀድ የታተመ መለያ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነው።