ባዝ ከተማ፣ ፓምፕ ሩም፦ የእንግሊዞች የከሰዓት በኋላ ሻይ

ለንደን የሄደ ሰው አንድ ቀን ካገኘ ወደ ባዝ ብቅ ይበል። ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። እኛ ከተማዋን የምናውቃት በጃንሆይ ስደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጥተውታል። እኔም የሄድኩት ለእሱ ብዬ ነበር፤ የፓምፕ ሩም ሻይ ግን ሌላ ደስታ ጨመረልኝ።

ፓምፕ ሩም ከሮማውያን መታጠቢያ አጠገብ ያለ፣ በ1790ዎቹ የተሠራ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው። ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ እየተጫወቱ ወሬያችሁን አይረብሹም። ይሄ ብቻውን ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ምግቡ ባለ ሦስት ደረጃ ማቅረቢያ ላይ ይመጣል። የሚበላው ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ጠርዙ የተቆረጠ ሳንድዊች፣ ከዚያ ስኮን የሚባለው ትንሽ ዳቦ መሰል ጋገራ፣ መጨረሻ ኬክ። እንግሊዞች የሚሞቱለት የኪያር ሳንድዊች የትም ብበላው አላሳመነኝም። የሳልሞኑ ግን ይጣፍጣል።

ዋናው ስኮኑ ነው። ለብ እንዳለ በእጅ ለሁለት ይከፈላል፤ ማርማላታና ክሎትድ ክሬም ይቀባበታል። ክሬሙ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ሞቆ የረጋ ነው፤ ቢያንስ 55 በመቶው ስብ ነው፣ እንደ ለጋ ቅቤ ይቆረጣል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ካሉት ሁለት ጎረቤት አውራጃዎች የዴቨን ሰዎች ክሬሙ ይቅደም ይላሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ደግሞ ማርማላታው። ክርክሩ የምር ነው። እኔ ከኮርንዎሎች ጋር ነኝ፤ ክሬሙ ላይ ሲሆን ቀድሞ ምላስ ያገኘዋል። ለንደን ውስጥ አንድ ሆቴል ያቀረበልኝ ስኮን ቀዝቃዛ ነበር። ስኮን ከቀዘቀዘ ደግሞ አለቀለት።

ሻዩ በበራድ፣ ከነቅጠሉ ከማጥለያ ጋር ይቀርባል። ወተት ለምትጨምሩ አሳም የሚባለው የህንድ ሻይ ይሻላል፣ ጠንካራ ስለሆነ ወተቱን ይችለዋል። ኧርል ግሬይ የሚባለውን ሻይ ግን ያለ ወተት ሞክሩት፤ የቤርጋሞት (ብርቱካን መሰል ፍሬ ነው) ሽታው እንዳይጠፋ። ኬኩ በቂ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩን ተዉት።

ልማዱን የጀመረችው የቤድፎርድ ዱቼስ አና ናት ይባላል፣ በ1840 አካባቢ። እራት እየዘገየ ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ይርባት ነበር አሉ። ከምግቡ ብዛት አንጻር ግን ዛሬ መክሰስ ማለት ይከብዳል። ምሳ ሳትበሉ ሂዱ።

ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ፣ እንግሊዝ አገር ብዙ ሻይ ቤቶች ቪጋን የከሰዓት ሻይ አላቸው፤ ቦታ ስትይዙ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ ስለዚህ የሚያስቸኩል ቀጠሮ ባለበት ቀን አትሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ከሚቀዳው የፍልውሃ ጠበል መሰል ውሃ አንድ ብርጭቆ ቅመሱ። ሞቅ ያለ ነው፣ ማዕድኑ አፍ ላይ ይቀራል። 43 ዓይነት ማዕድን አለው ይላሉ።