ላፋየት ከደረሳችሁ ቨርሚሊዮንቪልን እንዳታልፉት

ከሂውስተን ተነስቶ ወደ ኒው ኦርሊንስ የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ በሉዊዚያናዋ ላፋየት ከተማ በኩል ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይወርድም። እኔም ስንት ዓመት ነዳጅ ሞልቼ፣ ለልጄ ቺፕስ ገዝቼ ነበር የማልፈው። ባለፈው መጋቢት ግን እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ስለነበር፣ መንገዱ እንዳይከብዳት ብለን እዚያው ሁለት ቀን አረፍን። ከሂውስተን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይህን የምጽፈው ቀድሜ ባለመውረዴ ስለቆጨኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ። ኬጀን የሚባሉት ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የተወለዱ ናቸው። አያቶቻቸው ዛሬ ካናዳ ውስጥ ባለው አካዲያ ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች በፈረንጆቹ ከ1755 ጀምሮ በመርከብ እየጫኑ፣ ባልና ሚስት እስከመለየት ድረስ በተኗቸው። ከዓመታት መንከራተት በኋላ ብዙዎቹ ሉዊዚያና ገቡ። «አካዲያን» የሚለው ስም በአፍ ሲንከባለል ኬጀን ሆነ። ክሪዮል የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ በዚያ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚባሉት ከአፍሪካ ዘር የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ አያቶች በባርነት የመጡ።

ቨርሚሊዮንቪል የከተማዋ የድሮ ስም ነው። እስከ 1884 ድረስ ከተማዋ ራሷ በዚህ ስም ትጠራ ነበር። አሁን ስሙን የያዘው በወንዝ ዳር እንደ መንደር ሆኖ የተሠራ፣ በ1990 የተከፈተ ሙዚየም ነው። ከቤቶቹ ጥቂቶቹ ከየቦታው የመጡ እውነተኛ የድሮ ቤቶች ናቸው፣ ሌሎቹ በድሮው ዓይነት የተሠሩ። በየቤቱ የእጅ ሥራ የሚያሳዩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ጠይቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት።

እናቴ መጀመሪያ የቆመችው ግድግዳ ፊት ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ምርጊቱ ሳይለሰን የተተወበት ቦታ አለ። ጠጋ ብላ በጣቷ ነካ አደረገችና «ይሄማ የኛ ጭቃ ቤት ነው!» አለች። እውነቷን ነው። በምሰሶዎቹ መሃል እንጨት እንደ ማገር ገብቷል፣ በላዩ ጭቃ ተመርጎበታል። ልዩነቱ ጭዱ ነው። እነሱ ጭቃውን የሚያቦኩት ከዛፍ ላይ እንደ ሽበት በሚንጠለጠል ግራጫ ተክል ነው፣ አድርቀው። ድብልቁን ቡዚያዥ ይሉታል። በረንዳው ላይ ወደ ቆጡ የሚወጣ ደረጃ አለ፤ ወንዶች ልጆች የሚተኙት እዚያ ላይ ነበር። ልጄ ይህንን ሲሰማ ለራሱም እንዲሠራለት ጠየቀኝ።

ከዚያ ፈታይዋ ጋ ደረስን። ያቺን ቤት ለሌላ ሰው ስነግር ሁሌም እዚያ ላይ እቆያለሁ። አንዲት ትልቅ ሴት ጥጥ እየባዘተች ነበር፣ ጥርስ ያላቸውን ሁለት ሰሌዳዎች እያፋተገች። ጥጡ ቡናማ ነው። እናቴ ቀለም የነከሩት መስሏት ነበር፤ ኬጀኖች ድሮ የሚዘሩት፣ ከተፈጥሮው ቡናማ የሆነ የጥጥ ዘር ነው። እናቶች ከዚህ ጥጥ ብርድ ልብስ ሠርተው ልጃቸው ሲዳር ይሰጡ ነበር። ይህንን ስተረጉምላት እናቴ ጋቢዬን አስታወሰች። ሴትየዋ ባዘቶውን ስታቀብላት ተቀበለችና በእንዝርት እንዴት እንደሚፈተል በባዶ እጇ ታሳያት ጀመር። አንዷ እንግሊዝኛ፣ ሌላዋ አማርኛ፤ ሁለቱም ተግባብተዋል። ስንወጣ «ይቺማ ሙያ አላት» አለችኝ። እናቴ ይህንን ቃል በቀላሉ አትሰጥም።

ትምህርት ቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም» የሚል ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ ተጽፏል። በ1921 የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን አለ፣ ልጆችም በገዛ ቋንቋቸው ተቀጡ። ልጄ ጮክ ብሎ አነበበው። እናቴ ምን ይላል ስትል እሱ ራሱ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ አስረዳት። «በእናቱ ቋንቋ ሰው ይቀጣል?» አለችው። መልስ አልነበረውም፣ እኔም አልነበረኝም። በ1968 ክልሉ ፈረንሳይኛውን የሚደግፍ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አሉ። እኛ ቤት ስለ አማርኛ ብዙ ጭቅጭቅ አለ፣ ልጆች ያሏችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ክፍል ፊት ስትቆሙ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አጠገቡ የአካዲያን የባህል ማዕከል አለ፣ የብሔራዊ ፓርክ ነው፣ መግቢያው ነፃ። ስለ መባረሩ ፊልም ያሳያሉ። ከመንደሩ በፊት ብታዩት ይሻላል፣ እኛ ገልብጠነው ነው።

ከዚህ ሌላ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራልን እዩ። ከጎኑ ወደ 500 ዓመት የሚጠጋው የኦክ ዛፍ ቅርንጫፎቹ ከመክበዳቸው የተነሳ ድጋፍ ተደርጎላቸዋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተሳለመች። ዩኒቨርሲቲው ግቢ መሃል ደግሞ አዞ ያለበት ትንሽ ረግረግ አለ፣ ለልጆች ግሩም ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በጀልባ ወደ ማርቲን ሐይቅ ከወጣችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ጉዞው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ። እኛን የወሰደን ድርጅት አንድ ሰዓት ተኩል ብሎ በአምሳ ደቂቃ መለሰን። ሐይቁ ራሱ ግን፣ ውሃ ውስጥ በቆሙት ዛፎችና በወፎቹ፣ ዓይን ያስቀራል።

ምግብ ላይ ግልጽ ልሁን። ቡዳን የሚሉት ቋሊማ በሩዝና በአሳማ ሥጋ የተሞላ ነው፣ ጋምቦ የሚሉት ወፍራም ሾርባ ውስጥም ብዙ ጊዜ ቋሊማ ይገባል፣ ባቄላው እንኳ በአሳማ ሊሠራ ይችላል። በወቅቱ ደግሞ ጠረጴዛው ሁሉ ክሮፊሽ በሚባል፣ ሸርጣን በሚመስል ቀይ የውሃ እንስሳ ይሞላል። እነሱም ካቶሊክ ናቸውና በጾማቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ ትተው እሱን ይበላሉ። ለእኛ ሁዳዴ ላይ አይሆንም። እናቴ በርበሬና ሽሮ ይዛ መጥታለች፣ ማብሰያ ያለው ክፍል ስለያዝን አልተቸገርንም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፍስክ ከሆናችሁና የምትበሉ ከሆናችሁ ግን፣ ባሚያ የገባበትን የዶሮ ጋምቦ ሞክሩ፤ ቋሊማ ይኑረው አይኑረው ጠይቁ።

ዘይዴኮ የክሪዮሎች ሙዚቃ ነው። አኮርዲዮን አለ፣ ደረት ላይ እንደ ጥሩር የሚለበስና በማንኪያ የሚፋቅ ቆርቆሮ አለ። የዚህ ሙዚቃ ንጉሥ የሚባለው ክሊፍተን ሼኒየር የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ዋና ዋና በዓላቸው በኤፕሪልና በኦክቶበር ነው፣ ሆቴል ቀደም ብላችሁ ያዙ። ቨርሚሊዮንቪል ሰኞ ዝግ ነው። ጠዋት ግቡ፣ ለትንኝ የሚቀባ ያዙ፣ ግማሽ ቀን ስጡት። እኛ ለኦክቶበሩ እንመለሳለን፤ እናቴም እንዝርቷን ከደብረ ብርሃን እንዲልኩላት ደውላለች።