ድሬ ላይ ለቤት ኢንተርኔት፦ ፋይበር ወይስ የሲም ራውተር?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለችው ታናሽ እህቴ የቤቷን ኢንተርኔት ልትቀይር ነው። «የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚህ ልመልስላት።

ድሬዳዋ በዚህ ቀዳሚ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ለቤት ግን ከድርጅቱ ስም ይልቅ ኢንተርኔቱ የሚገባበት መንገድ ይበልጣል።

ፋይበር በቀጭን የመስታወት ክር ብርሃን እየላከ ይሠራል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲገባበትም ብዙም አይንገዳገድም። የድሮው የመዳብ ገመድ እንደዚያ አይደለም፤ ከጣቢያው በራቅሽ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስገቡልሽ ፋይበር መሆኑን ጠይቂ።

የ4ጂ ራውተር ሲም ከትቶ መሰካት ብቻ ነው። ቤት ብትቀይሪ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ግን የኔትወርክ ማማውን ከሰፈሩ ስልኮች ጋር ትጋሪያለሽ። እኔ ሳቢያን ሰፈር ሳለሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቪዲዮ እየቆመ ያስለቅሰኝ ነበር። ራውተሩን ማማው ወዳለበት መስኮት ሳዞረው በጣም ተሻለ። ፀሐይ ግን እንዳይመታው፤ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ!

መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሌለው ራውተር ሁሉ ይጠፋል። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ግዢ።

አንቺ የራስሽ ቤት አለሽ፣ ልጆችም ይማሩበታል። ፋይበር ከደረሰሽ ፋይበር አስገቢ። አሮጌውን ግን አዲሱን ሳምንት ሙሉ፣ በተለይ ማታ ማታ፣ ሳትሞክሪው እንዳታስቆርጪ።