«ማታ የማንን በር ታንኳኪያለሽ?»

ይህን የምጽፈው ልጄ ተኝታልኝ ነው። ስትነቃ ስለምታስቆመኝ ቶሎ ልበል።

ኮልፌ አካባቢ መንገድ ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ባለቤቴ ግንባታ ሥራ ፍለጋ ክፍለ ሀገር ከወጣ ቆይቷል። ሲያገኝ ይልካል፤ ሲያጣ ስልኩንም አያነሳም።

ሳረግዝ ከምጡ በፊት ያስጨነቀችኝ አከራዬ ናት። ቤቱን ስትሰጠኝ «ልጅ ያለው ተከራይ አልፈልግም» ብላኛለች። የአዲስ አበባ ተከራይ ይቺን አባባል በቃሉ ያውቃታል። አምስት ወር እስኪሞላኝ ሆዴን በነጠላ ሸፍኜ ነው ስወጣ ስገባ የከረምኩት። ክትትል የሚባል አልጀመርኩም። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ቁጭ ብዬ ኪራይ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ጠዋት የከሰሉ ጭስ ያጥወለውለኛል፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ ፈገግ እላለሁ።

የነቃችብኝ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ነርስ ስለሆነች ሲስተር ነው የምንላት። ቤት ለቤት ዞራ ሲደክማት እኔ ጋ ቡና ትጠጣለች። አንድ ቀን ስኒዋን አስቀምጣ «ስንት ወርሽ ነው?» አለችኝ። ካድኩ። አልተቆጣችም። «እሺ፣ ማታ ቢያምሽ የማንን በር ታንኳኪያለሽ?» አለች። መልስ አጣሁ። እዚያ ግቢ ስምንት ወር ኖሬ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ካርድ አወጣሁ። ለካ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም ነፃ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ማድረግ ያለባት ክትትል አሁን 8 ጊዜ ሆኗል፤ የመጀመሪያው 12 ሳምንት ሳይሞላ ነበር መሆን የነበረበት። የአይረን (የብረት) ኪኒን ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ በቡና አወራርደዋለሁ! ሲስተር አይታ ሳቀች። ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚይዘው በውሃ፣ ከቡናው አራርቄ እንድውጠው ነገረችኝ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ እጄን ይዛ የጎረቤቴን በር አንኳኳች። «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ስትወልድ የሚያርሳት የለም» አለቻቸው። እትዬ ከላይ እስከታች አዩኝና «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ እዚህ ተቀመጥኩ?» አሉ። አከራዬ ጋ የገቡልኝም እሳቸው ናቸው። እሷ ለካ ሆዴን ካየች ሰንብታለች። አላስወጣችኝም፤ ኪራዩ ላይ ግን 500 ብር ጨመረች። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።

ምጡ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ግድግዳውን ደበደብኩ። እትዬ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። የላዳው ብር ሲስተር «ለዚያች ቀን ለይተሽ አስቀምጪ» ባለችኝ መሠረት ስኳር ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ሴት ልጅ ወለድኩ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር መጥታ የጡት አያያዜን ስታስተካክል፣ እትዬ ገንፎ ያገነፋሉ። አከራዬ ቅቤ ይዛ ገባች።

እጅ ያጠራችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የእኛ ቀጠና ኤክስቴንሽን ማናት?» በሉ። ጭንቀቱንም ንገሯት። የኔዋ የደም ግፊቴን ለክታ ስትጨርስ «እንቅልፍስ?» ትለኝ ነበር። እርጉዝ ጎረቤት ያላችሁም ለኤክስቴንሽኗ ጠቁሙ።

ሲስተር፣ ስምሽን እንዳልጽፍ ስለለመንሽኝ ተውኩት። ልጄ የ45 ቀን ክትባቷን ስትወስድ ወደ ጀበናዬ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ስኒ ያንቺ ነው፤ ብር እንዳታወጪ።