ሪድስ ቢች፣ ኒው ጀርሲ፦ ከገመዱ ወዲህ ቆሞ ወፍ ማየት

ሪድስ ቢች ያለበት ደላዌር ቤይ (ባሕረ ሰላጤ ነው) ስሄድ ዘንድሮ ሁለተኛዬ ነው። አምና ከፍዬ የሄድኩበት አስጎብኚ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ውሃው ዳር ድረስ ሞልቶ ወፎቹ ወደ ሌላ ቦታ በሄዱበት ሰዓት አደረሰንና ባዶ ባሕር አይተን ተመለስን። ዘንድሮ ውሃው የሚሸሽበትን ሰዓት ራሴ አይቼ፣ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። ክፍያ የለውም። ከተከፈለበት ጉዞ ደግሞ በብዙ እጅ ይሻላል።

በሜይ ወር ዳርቻው ለሰው ዝግ ነው። ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ጋ በጎ ፈቃደኞች አሉ፣ የምታዩት ከመመልከቻው ሆናችሁ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ አሸዋውን ሳልረግጥ መቅረቴ መጀመሪያ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ቴሌስኮፓቸውን በእኔ ቁመት ልክ ዝቅ አደረጉልኝና "እስቲ እዪ" አሉኝ።

ሬድ ኖት ነበር። ደረቱ እንደ ሸክላ የቀላ ትንሽ ወፍ፣ ቀና ሳይል ይለቅማል። እግሩ ላይ ብርቱካናማ ምልክት አለው፤ ይሄኛው አርጀንቲና የታሰረለት ነው አሉኝ። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ ካናዳ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ድረስ ሄዶ ነው የሚፈለፍለው፣ ወደ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ እና ስንቁን የሚሞላው እዚህ ነው። ሲደርስ 120 ግራም እንኳ የማይሞላ ከሲታ ሆኖ ነው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ 180 ግራም መድረስ አለበት። ምግቡ የሆርስሹ ክራብ (ጠንካራ ቅርፊትና ረጅም ጭራ ያለው የባሕር እንስሳ) እንቁላል ነው። አረንጓዴ፣ ከጤፍ ተለቅ ቢል ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በ1990ዎቹ ክራቡ ዓሣ ማባበያ ይሆናል እየተባለ ያለ ልክ ተለቀመ፣ እንቁላሉ ሲጠፋ ወፉም አብሮ ጠፋ። በ1980ዎቹ እዚህ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከ90 ሺህ በላይ ሬድ ኖት ተቆጥሮ ነበር፤ በ2021 ከ7 ሺህ በታች። ኒው ጀርሲ ክራብ መሰብሰብን በ2008 ከልክላለች። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ አሸዋውን ጠርጎ ሲወስደው ደግሞ ክራቦቹ ከመምጣታቸው በፊት በጭነት መኪና አሸዋ ተመልሶ ፈሰሰበት። አሸዋ ከሌለ ክራቡ እንቁላሉን የሚቀብርበት የለውማ።

እኔ እያለሁ አንድ ሰውዬ ውሻውን ፈቶ ለቀቀ። መንጋው በሙሉ አንድ ላይ ብድግ አለ፣ ተመልሶ እስኪያርፍ ብዙ ቆየ፣ ያ ሁሉ ጊዜ ሳይበሉ የሚቃጠል ስብ ነው። ሴትዮዋ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ ሄደው አነጋገሩት፤ ውሻውን አሰረ። ገመዱ ለምን እንደተወጠረ ያኔ ነው የገባኝ፣ ቅሬታዬም እዚያው ጠፋ።

ድንጋይ መሐል በጀርባው የተገለበጠ ክራብም አሳዩኝ። በቅርፊቱ ጠርዝ ይዘው ቀና አደረጉት፤ ጭራውን ይዞ መጎተት ይጎዳዋል። እንደ ጦር ቆብ የመሰለ ነገር ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ሄደ።

የምትሄዱ ከሆነ ባይኖኩላር ያዙ፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር ድረሱ፣ ረጅም እጅጌም ልበሱ፤ ነካሽ ዝንቡ አይጣል ነው።