ዘጠኝ ወር ከዘይት ግፊት ጌጅ ጋር

ኅዳር ላይ ነው የገዛሁት። ክብ፣ ባለ መርፌ፣ ሜካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለማታ አምፖሉ ብቻ ነው። ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ተነስቶ ጌጁ ድረስ ይመጣና መርፌውን ይገፋል። ዋጋው ከአንድ ጋሎን ጥሩ ዘይት ብዙም አይበልጥም። አሁን ነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት መኪናዬ ውስጥ ከመንገዱ ቀጥሎ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ፣ 1.6 ሊትር። ጥቅምት ላይ እዚሁ አዳማ ሞተሯ ወርዶ ተሠራ። ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ተጠርቦ በልኩ ብሮንዚን፣ ዘንጉ በዘይት ተንሳፎ የሚዞርበት ሽፋን፣ ገባለት። የፒስተኖቹ ቀለበት፣ ፋሻውም አዲስ ነው። ብዙ ብር ወጥቶበታል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሶደሬ ተመልሼ አዳማ ፍራንኮ ጋ መንገድ ተዘግቶ ቆሜ ሳለ፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ክው አልኩ።

ጋራዡ ተመለስኩ። «አዲስ ሞተር ነው፣ ይላመዳል» አሉኝ። የመብራቷን ስዊች ቀየሩ። አልተወችም። ከዚያ ዘይቱን አፍስሰው ወፍራሙን፣ 20 ደብሊው 50 ሞሉበት። መብራቷ ጠፋች። የኔ ጭንቀት ግን አልጠፋም። የዘይት ቁጥር ከመቀየሩ ሌላ ሞተሩ ውስጥ የተነካ ነገር የለማ!

ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ከማስፈታትህ በፊት ቁጥር ያዝ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። የመብራቷ ስዊች የሚሠራው በግምት 0.3 ባር ላይ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ግፊቱ ከዚያ ካለፈ ትጠፋለች። 0.4 ይሁን 4 ለእሷ አንድ ነው። ብሮንዚን ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ጌጁን የገዛሁት ለዚህ ነው።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌጁ የሚገባው በስዊቹ ቀዳዳ፣ ከፊልትሮው አጠገብ ነው። የቶዮታ ቀዳዳ ጥርሱ ቢኤስፒቲ የሚባለው ዓይነት ነው፣ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ። ከጌጄ ጋር የመጣው መጋጠሚያ ደግሞ ኤንፒቲ የሚባለው ነው፣ በኢንች 27። በዓይን አይለይም። ሁለት ዙር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ይከብዳል። በጉልበት ካሰራችሁት የብሎኩን፣ የሞተሩን አካል፣ ጥርስ ይበላዋል። እኔ ቶርኖ ቤት ወስጄ ትክክለኛውን አስቀረጽኩ። ባለ ሦስት አፍ አድርጌ የመብራቷንም ስዊች መለስኩት፤ ጌጅ አለ ተብሎ መብራት አይነቀልም። ቴፍሎኑንም አታብዙ። ስዊቹ ኔጌቲቭ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፍሎን ከበዛ መብራቷ ጭራሽ ላትበራ ትችላለች። ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ መብራቷ መብራት አለባት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለዚህ ሞተር የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ የሚለው፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቢያንስ 0.3፣ በደቂቃ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ባር ብትሉትም ያው ነው፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው። እኔ ያገኘሁት፦ ቀዝቃዛ ሚኒሞ 2.8፤ ሞቆ ሚኒሞ 0.5፤ ሞቆ በ3,000 ዙር 1.7። የመጨረሻውን ሳይ ወገቤ ተቆረጠ። ያውም በወፍራም ዘይት።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የመርፌው አካሄድ ነው የረዳኝ። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ መርፌው ወዲያው አይነሳም። ሰባት፣ ስምንት ሰከንድ ዜሮ ላይ ይቆያል። ሲነሳም ይንቀጠቀጣል። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው አይተው ዝም አሉ። ቆይተው አስረዱኝ። የብሮንዚን ክፍተት ሰፍቶ ከሆነ መርፌው ጠዋት ደህና ነው፤ ዘይቱ እየሞቀና እየቀጠነ ሲሄድ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ግን አይንቀጠቀጥም። የፓምፑ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ፣ ነዳጅ ብትረግጥም መርፌው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይም ጭምር። ዘግይቶ የሚነሳና የሚንቀጠቀጥ መርፌ ግን ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር እየሳበ ነው ማለት ነው።

ማረጋገጫውም ቀላል ነበር። ለሙከራ ብቻ ግማሽ ሊትር ዘይት ከልኩ በላይ ጨመርን። መርፌው ቶሎ ተነሳ፣ መንቀጥቀጡም ቀነሰ። አየር የሚገባበት መጋጠሚያ በዘይት ሲሸፈን እንዲህ ይሆናል። ትርፉን መልሰን ቀዳነው። እንዲሁ ከተተወ ክራንኩ እየመታ አረፋ ያደርገዋል።

ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ሲወርድ ነገሩ ፍንትው አለ። የዘይት መሳቢያው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጓርኒሲዮን፣ መጋጠሚያ የሚያሽገው ስስ ሽፋን፣ የለም። በእሱ ፈንታ ሲሊኮን ተቀብቷል። ሲሊኮኑ ግማሹ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ገብቷል፣ ቁራጩም የመሳቢያው ወንፊት ላይ ተለጥፏል። ይህን ሳይ በጣም ነው የተናደድኩት። ያንን ሁሉ ብር ያወጣሁበት ሞተር በአንዲት ቁራጭ ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ነበር! ኮፓው ከወረደ አይቀር የሁለት ቢየላ፣ ፒስተንን ከክራንኩ የሚያገናኝ ዘንግ፣ ብሮንዚን በፕላስቲጌጅ ለካን። በቀጭን ሰም መሳይ ክር ክፍተት የሚለካበት ዘዴ ነው። 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ወጣ፣ ጤነኛ ነው። ሞተሩን እንደገና ማውረድ አላስፈለገም። ወንፊቱ ታጠበ፣ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ኮፓው ተዘጋ። ከማስነሳታችን በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተን፣ ነዳጅና ካረንት አቋርጠን፣ መርፌው እስኪነሳ በማስነሻው፣ በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው። ለታደሰ ሞተር ይህን የማያደርግ ሰው መኪናዬን ባይነካ እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ፦ ሞቆ ሚኒሞ 1.1፣ በ3,000 ዙር 3.4። ይህም ቀጭኑ ዘይት፣ 10 ደብሊው 30 ተመልሶ ከገባ በኋላ ነው።

በቀሩት ወራት ጌጁ ብዙ አስተምሮኛል። የአሰላን ዳገት ስወጣ 3 አካባቢ ይቆያል። ሚያዝያ ላይ በቀትር መተሐራ ደርሼ ስመለስ ሚኒሞው 0.8 ገባ። በዚያ ሙቀት የሚጠበቅ ነው፣ ማታ ተመልሷል። ሰኔ ላይ ደግሞ አደባባይ ስዞር መርፌው ዝቅ ብሎ ተመለሰ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ፣ ዲፕስቲኩን ሳወጣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። መብራቷ ያኔ ምንም አላለችም።

የጌጁ ጉድለትም አለ። ዋናው፣ ሞተር ጠፍቶ መርፌው ዜሮ ላይ አይመለስም፣ 0.2 ላይ ይቀመጣል። በሌላ ጌጅ ሳመሳክረው ታችኛው ቁጥር ላይ ያንኑ 0.2 ያበዛል፤ ከ2 በላይ ልክ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ 0.5 ያልኩት በእውነት 0.3፣ ልክ ድንበሩ ላይ ነበር። ከላይ የጻፍኳቸው፣ ሞቆ የተለኩ የሚኒሞ ቁጥሮች ሁሉ ይህ ይቀነስላቸው። ሚኒሞ ላይ የምትጨነቁ ከሆነ ሳትገዙ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ሱቁ ውስጥ እዩ።

አምፖሉ በሁለተኛው ወር ተቃጠለ። አልቀየርኩትም፣ ማታ በስልክ መብራት አያለሁ።

ቱቦው ግን ቀልድ አይደለም። አብሮ የሚመጣው ናይለን ነው። በሦስተኛው ወር መጋጠሚያው ላይ ማላብ ጀመረ። ቱቦው ጭስ ማውጫው አጠገብ ቢነካና ቢቀልጥ ትኩስ ዘይት በግፊት ይረጫል፣ ጭስ ማውጫው ላይ ካረፈ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሞተሩም ዘይቱን ይጨርሳል። እኔ በመዳብ ቱቦ ቀየርኩት። መዳብ በንዝረት እንዳይሰነጠቅ ሁለት ሦስት ዙር እንደ ስፕሪንግ ጠቅልዬ፣ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ግድግዳ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አስገባሁለት። እስካሁን ጠብታ የለም። በሚቀጥለው ዘይት ቅያሬ ግን የብረት ሽሩባ ባለው ቱቦ እለውጠዋለሁ። የመዳቡ አንደኛው መታጠፊያ ትንሽ ጠቆር ብሏል፣ አላማረኝም።